ሰው ሠራሽ እግርና የቆላው ሙቀት

ሀ. ከምንባቡ በፊት የሚቀርቡ ጥያቄዎች

ምንባቡን ከማንበባችሁ በፊት በሚከተሉት ጥያቄዎች ላይ ተወያዩ።

1. በበጋ ቀን የላስቲክ ጫማ ያደረገ ሰው እግሩን የሚያልበው ለምንድን ነው? ላቡስ ለምን ቶሎ አይደርቅም?
2. ሕመም የማይሰማው ሰው ምን ዓይነት ጉዳት ሊደርስበት ይችላል?
3. ስለ ሰው ሠራሽ እግር አሠራር የምታውቁትን ተናገሩ።

ለ. ምንባብ

ገዳሪፍ በምሥራቅ ሱዳን የምትገኝ፣ በማሽላና በሰሊጥ ምርቷ ስሟ የታወቀ ከተማ ናት። ከመተማ ተነሥቶ፣ የገላባትን ድንበር ተሻግሮ ወደ እርስዋ የሚጓዝ መንገደኛ ደጋውን ከበስተኋላው ትቶ፣ በክረምት የሚያጣብቅ፣ በበጋ ደግሞ የሚሰነጣጠቅ ጥቁር መረሬ አፈር የተንጣለለበትን ሜዳ ያቋርጣል። በዚህ ሜዳ ላይ በትራክተር የሚታረስ ሰፊ እርሻ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ ዓመታት ነበር። ከዚያን ጊዜ ወዲህ አረምና አጨዳ በደረሰ ቁጥር ከሱዳንም ከኢትዮጵያም በኩል ብዙ ሺህ ሠራተኞች ወደ አካባቢው ሲጎርፉ ኖረዋል። አገሩ ቆላ ነው። በሚያዝያና በግንቦት የቀትሩ ሙቀት ብዙ ጊዜ 40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይደርሳል፤ አንዳንድ ቀንም ከዚያ ያልፋል።

እንዲህ ባለ አገር እግር ትልቅ ሀብት ነው። የሚያርመው፣ የሚያጭደው፣ ነዶ የሚሸከመው፣ ከብት የሚጠብቀው ሁሉ እንጀራውን የሚያገኘው በእግሩ ነው። ይሁን እንጂ እግርን የሚያሳጡ ምክንያቶችም በዚያው አካባቢ ጥቂት አይደሉም። ባለፉት ጦርነቶች ጊዜ በምሥራቅ ሱዳን የተቀበሩ ፈንጂዎች በእረኞችና በገበሬዎች ላይ ጉዳት አድርሰዋል። በእርሻ ላይ እባብ የነደፈው ሰው ሕክምና በጊዜው ካልደረሰለት፣ በተነደፈበት ስፍራ ያለው ሥጋ ሊሞትበት ይችላል።

ከዚህም ሌላ ማይሴቶማ የሚባል በሽታ አለ። በሽታው የሚመጣው ባዶ እግሩን የሚሄደውን ሰው እሾኽ ሲወጋው፣ በአፈር ውስጥ የሚኖር ፈንገስ ወይም ባክቴርያ በቁስሉ በኩል ወደ ሰውነቱ ሲገባ ነው። ሲጀምር ብዙ ሕመም ስለሌለው ሰው ይንቀዋል፤ ውሎ ሲያድር ግን ሥጋውን አልፎ አጥንቱን ይበላል፤ ሕክምናው ከዘገየም መጨረሻው እግርን መቍረጥ ሊሆን ይችላል። ሱዳን ይህ በሽታ በብዛት ከሚገኝባቸው አገሮች አንዷ ስለሆነች፣ እ.ኤ.አ. በ1991 በካርቱም ከተማ የማይሴቶማ ምርምር ማዕከል ተቋቁሞ ነበር። የዓለም የጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ2016 በሽታውን ከተዘነጉት የሐሩር አገር በሽታዎች ጋር መዝግቦታል።

ጦርነትና ስደትም በዚህ አካባቢ ተደጋግመው ታይተዋል። በ1977 ዓ.ም. በረኀቡ ጊዜ ብዙ ኢትዮጵያውያን ድንበሩን ተሻግረው በገዳሪፍ አውራጃ በኡም ራኩባና በሌሎች መጠለያዎች ሰፍረው ነበር። በ2013 ዓ.ም. ጦርነት በትግራይ ሲነሣ፣ ያው የኡም ራኩባ መጠለያ እንደገና ተከፈተ፤ በጥቂት ወራት ውስጥም ወደ 60,000 የሚጠጋ ሰው ወደ ምሥራቅ ሱዳን ገባ። በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ደግሞ በራሷ በሱዳን ጦርነት ፈነዳ። ገዳሪፍ ከካርቱምና ከሌሎች ስፍራዎች የተፈናቀሉ በብዙ መቶ ሺህ የሚቈጠሩ ሰዎችን ተቀበለች፤ በመተማ በኩልም ብዙ ሺህ ሰው ወደ ኢትዮጵያ ተሻገረ። በዚህ ሁሉ ጕዞ ውስጥ እግራቸውን ያጡ ሰዎች ነበሩ። ለእነርሱ ሰው ሠራሽ እግር ከቦታ ወደ ቦታ ለመሄድ፣ ሠርቶም ለማደር ዋና መሣሪያ ነው።

የሱዳን ብሔራዊ የሰው ሠራሽ አካል ድርጅት ዋናውን ማዕከሉን በካርቱም አድርጎ፣ በዓለም አቀፉ የቀይ መስቀል ኮሚቴ እየተረዳ፣ ካሳላንና ገዳሪፍን በመሳሰሉ ከተሞች ቅርንጫፎች ከፍቶ ነበር። በኢትዮጵያም በአዲስ አበባ፣ በባሕር ዳር፣ በደሴና በመቀሌ ሰው ሠራሽ እግር የሚሠራባቸው ማዕከሎች ተቋቁመዋል። አሠራሩ እንደሚከተለው ነው። ባለሙያው በመጀመሪያ ከተቈረጠ በኋላ የቀረውን የእግር ክፍል በጀሶ በተነከረ ፋሻ ይጠቀልላል። ጀሶው ሲደርቅ የእግሩን ቅርጽ ይይዛል። ከዚያም በዚሁ ቅርጽ ውስጥ ሌላ ጀሶ አፍስሶ የቀሪውን እግር አምሳል ያወጣል። በመጨረሻም ፖሊፕሮፒሊን የሚባለውን ፕላስቲክ በምድጃ አሙቆ፣ ሲለሰልስ በአምሳሉ ላይ ያለብሰዋል። ፕላስቲኩ ሲቀዘቅዝ ቀሪው እግር የሚገባበት ጠንካራ ማቀፊያ ይሆናል። በማቀፊያውና በቆዳው መካከል ደግሞ ለስላሳ ገበር ይደረጋል። ከማቀፊያው በታች ምሰሶውና መርገጫው ይያያዛሉ።

ማቀፊያው በደንብ የተለካ ከሆነ ሰውዬው ይቆማል፤ ይራመዳልም። ከውጭ ሲታይ ሥራው በዚህ ያለቀ ይመስላል። ነገር ግን በማቀፊያው ውስጥ፣ ከሰው ዓይን ተሰውሮ የሚያድግ አንድ ችግር አለ። ይኸውም ሙቀት ነው።

የሙቀቱ ነገር ምን ያህል ከባድ እንደሆነ ለማወቅ፣ ብርድ ከሚበዛበት አገር የተገኘ ማስረጃ መመልከት ይበቃል። በስዊድን አገር ከጉልበታቸው በላይ እግራቸውን ያጡ 97 ሰዎች ስለ ሰው ሠራሽ እግራቸው ተጠይቀው ነበር። እ.ኤ.አ. በ2001 በታተመው በዚህ ጥናት ውስጥ ከተጠያቂዎቹ 72 በመቶ የሚሆኑት በማቀፊያው ውስጥ የሚሰማቸው ሙቀትና ላብ ኑሯቸውን እንዳወከው ተናግረዋል። በረዶ በሚጥልበት አገር የሚኖር ሰው እንዲህ ካለ፣ በገዳሪፍ ሜዳ ላይ የሚያጭደው ሰው የሚደርስበትን መገመት አያስቸግርም።

የችግሩ ምክንያት በሰውነት አሠራርና በሙቀት ሕግ ውስጥ ይገኛል። የሰው ውስጣዊ ሙቀት 37 ዲግሪ ገደማ ሲሆን፣ የቆዳው ሙቀት ግን በተለመደው ሁኔታ ከዚያ ጥቂት ዲግሪዎች ዝቅ ይላል። ሰው ሲሠራ ጡንቻዎቹ ሙቀት ያመነጫሉ። ይህ ሙቀት በደም አማካይነት ወደ ቆዳ ይደርሳል፤ ከቆዳም ወደ አየር ይወጣል። አየሩ ከቆዳው ይልቅ የሞቀ እንደሆነ ግን ሙቀት ከአየሩ ወደ ሰውነት ይገባል እንጂ ከሰውነት ወደ አየር አይወጣም። በዚህን ጊዜ ለሰውነት የቀረው ማብረጃ ላብ ብቻ ነው። ላብ ሲተን ከቆዳው ላይ ሙቀት ይዞ ይሄዳል።

ሰው ሠራሽ እግር ሁለቱንም መንገዶች ይዘጋል። ማቀፊያውና ገበሩ የሚሠሩባቸው ፕላስቲኮች ሙቀትን የሚያስተላልፉት እጅግ በጥቂቱ ነው፤ አሉሚኒየም ከእነርሱ ይልቅ ከሺህ እጥፍ በላይ ሙቀት ያስተላልፋል። ስለዚህ ከቆዳው የሚወጣው ሙቀት ታፍኖ ይቀራል። ገበሩ ቆዳውን አጥብቆ ስለሚይዘው ላቡም መውጫና መትነኛ ያጣል። ላብ ካልተነነ ደግሞ ቆዳውን ያርሳል እንጂ አያቀዘቅዝም።

ይህን ነገር በቍጥር ለማወቅ በአሜሪካ በሲያትል ከተማ ከጉልበታቸው በታች እግራቸውን ባጡ ሰዎች ላይ ምርመራ ተደርጎ፣ ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2005 ታትሟል። ተመራማሪዎቹ በቀሪው እግር ቆዳ ላይ በ14 ስፍራዎች ትንንሽ የሙቀት መለኪያዎች አኖሩ። ሰዎቹ ሰው ሠራሽ እግራቸውን አጥልቀው አንድ ሰዓት ያህል ሲቀመጡ፣ የቆዳቸው ሙቀት በአማካይ 0.8 ዲግሪ ጨመረ። ቀጥሎ ለ10 ደቂቃ ብቻ ሲራመዱ ጠቅላላው ጭማሪ 1.7 ዲግሪ ደረሰ። ደግሞም ሙቀቱ በሁሉም ስፍራ እኩል አልነበረም፤ ደም በብዛት በሚዘዋወርበት በኋለኛው የእግር ክፍል ከፍ ብሎ፣ በፊተኛው የላይ ክፍል ግን ዝቅ ብሎ ተገኝቷል።

አንድ ወይም ሁለት ዲግሪ ለሰሚው ትንሽ ነገር ይመስላል። ለታፈነ ቆዳ ግን ትንሽ አይደለም። የሞቀና በላብ የራሰ ቆዳ ይለሰልሳል። የለሰለሰ ቆዳ በእያንዳንዱ እርምጃ ከገበሩ ጋር ሲፋተግ በቀላሉ ይላጣል። በተላጠው ቆዳ በኩል ተሕዋስያን ይገቡና ቁስሉ ያመረቅዛል። ያን ጊዜ ሰውዬው ቁስሉ እስኪድን ድረስ ሰው ሠራሽ እግሩን አውልቆ በምርኩዝ ለመሄድ ይገደዳል።

ለምሳሌ ያህል ከጉልበቱ በታች እግሩ ተቈርጦ በሰው ሠራሽ እግር የሚሄድ አንድ የሰሊጥ አጫጅ ይታሰብ። ሰሊጥ የአጨዳው ጊዜ ካለፈ ከረጢቱ ይከፈትና ፍሬው መሬት ላይ ይረግፋል። ስለዚህ አጨዳው ፋታ የለውም። አጫጁ ማለዳ ተነሥቶ ሥራ ይጀምራል። ረፋድ ላይ በማቀፊያው ውስጥ እርጥበት ይሰማዋል፤ ነገር ግን ጓደኞቹ ሲቀድሙት አይወድምና ሥራውን አያቋርጥም። ማታ ማቀፊያውን ሲያወልቅ ቆዳው ተልጦ ያገኘዋል። አንድ ሰዓት ለማረፍ ያልፈለገው ሰው አሁን ብዙ ቀን ሊተኛ ነው። እርሱ ከቁስሉ ሲድን አጨዳው አልቋል፤ የዓመቱ ገቢም አምልጦታል።

ይህን ጉዳት አስቀድሞ ለማወቅ ብዙ ጊዜ የሚታየው የቆዳ መቅላት ነው። ይሁን እንጂ በጥቁር ቆዳ ላይ ቅላቱ በግልጽ ስለማይታይ፣ የባለሙያው ዓይን እንኳ ሊስተው ይችላል። በተለይም በስኳር በሽታ ምክንያት እግሩን ያጣ ሰው የቀሪው እግሩ ስሜት ደንዝዞ ሊሆን ስለሚችል፣ ሕመሙ ራሱ አያስጠነቅቀውም። ዓይን በማያይበት፣ ሕመምም በማይሰማበት ጊዜ ሌላ ምልክት ያስፈልጋል። ያ ምልክት ሙቀት ሊሆን እንደሚችል ከሥጋ ደዌ ሕክምና የተገኘው ትምህርት ያሳያል።

የሥጋ ደዌ የሰውን ነርቮች ስለሚጎዳ፣ በሽተኛው እግሩ ሲወጋም ሆነ ሲቃጠል ላይሰማው ይችላል። በሕንድ አገር ለብዙ ዓመታት የሠራው እንግሊዛዊው ሐኪም ፖል ብራንድ፣ የበሽተኞቹ እግር የሚቆስለው ሥጋው በራሱ ጊዜ ስለሚበሰብስ ሳይሆን፣ ሕመም ስለማይሰማቸው ያለ ጥንቃቄ በመርገጣቸው መሆኑን አስረዳ። በኋላም በአሜሪካ በካርቪል ሆስፒታል ከባልደረቦቹ ጋር ሆኖ የእግርን ሙቀት እየለካ፣ ቁስል ሊወጣ ያለበት ስፍራ ከአካባቢው ይልቅ አስቀድሞ እንደሚሞቅ ተመለከተ። ይህ ዕውቀት ወደ ስኳር በሽተኞችም ተሸጋግሯል። በአሁኑ ጊዜ ሐኪሞች የሁለቱን እግሮች ተመሳሳይ ስፍራዎች ለክተው፣ ልዩነቱ ከ2.2 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ሲሆን በሽተኛው ከመራመድ እንዲቆጠብ ይመክራሉ። በኢትዮጵያም በ1958 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የተቋቋመው አለርት፣ በእግራቸው ስሜት ለሌላቸው የሥጋ ደዌ በሽተኞች ልዩ ጫማና ሰው ሠራሽ እግር የሚሠራበት ክፍል አለው። ስሜት የሌለውን እግር ከቁስል የመጠበቅ ጥበብ እንግዲህ ለአገሪቱ እንግዳ አይደለም።

ሙቀትን በማቀፊያው ውስጥ ለመለካት የሚያገለግለው መሣሪያ ሴንሰር ይባላል። ከሴንሰር ዓይነቶች አንዱ ተርሚስተር ነው። ተርሚስተር ከማሽላ ፍሬ የማትበልጥ ቅንጣት ሆና ልትሠራ ትችላለች። ሥራዋ የተመሠረተው እንግሊዛዊው ሳይንቲስት ማይክል ፋራዳይ እ.ኤ.አ. በ1833 በተመለከተው ነገር ላይ ነው። ፋራዳይ አንዳንድ ቁሶች ሲሞቁ ኤሌክትሪክን የመግታት ኀይላቸው እንደሚቀንስ ተገነዘበ። ስለዚህ በቅንጣቷ ውስጥ ጥቂት ኤሌክትሪክ ቢለቀቅ፣ የሚያልፈውን መጠን በመለካት የሙቀቱን ልክ ማወቅ ይቻላል። መለኪያው በትንሽ ባትሪ ይሠራል፤ ያገኘውንም ቍጥር በማስታወሻው ውስጥ ያኖራል፣ ወይም ብሉቱዝ በሚባለው የአጭር ርቀት የሬዲዮ ሞገድ ወደ ተንቀሳቃሽ ስልክ ይልካል።

የመሣሪያው ሐሳብ ቀላል ቢሆንም ሥራው ግን ጥንቃቄ ይጠይቃል። በቆዳና በገበር መካከል የገባ ሽቦ ወይም ቅንጣት ራሱ ቆዳውን ሊያቆስል ይችላል። ሊጠብቀው የገባውን ነገር የሚጎዳ ጠባቂ ደግሞ ጥቅም የለውም። በስኮትላንድ በስትራትክላይድ ዩኒቨርሲቲ የሚሠሩ ተመራማሪዎች ለዚህ ችግር አንድ መፍትሔ አቅርበዋል። ሴንሰሩን ቆዳው ላይ በማኖር ፈንታ በገበሩና በማቀፊያው መካከል አኖሩት። በዚያ ስፍራ የሚገኘው ሙቀት የቆዳው ሙቀት ባይሆንም ከእርሱ ጋር ተያይዞ ከፍና ዝቅ ስለሚል፣ በኮምፒዩተር ስሌት የቆዳውን ሙቀት ለመገመት ተችሏል።

ይሁን እንጂ እነዚህ ሙከራዎች የተካሄዱት ከ10 እስከ 25 ዲግሪ በሚደርስ አየር ውስጥ ነበር። በዚህ አየር ውስጥ ሙቀት በዝግታም ቢሆን ከእግሩ ወደ ውጭ ይሄዳል። በገዳሪፍ ወይም በመተማ ቀትር ግን አየሩ ከቆዳው የበለጠ ስለሚሞቅ የሙቀቱ አቅጣጫ ይገለበጣል። በቀዝቃዛ አገር የተገኘው ስሌት ለቆላው አገር እንዳለ ሊወሰድ አይችልም። የቆላው እግር በቆላ መለካት አለበት። ችግሩ ከሁሉ የሚብሰው በሞቃት አገር ሆኖ ሳለ፣ ምርምሩ በብዛት የተደረገው በቀዝቃዛ አገር መሆኑ ሊታረም የሚገባው ጉድለት ነው።

እያንዳንዱ የሰው ሠራሽ እግር ባለቤት የራሱ ሴንሰር እንዲኖረው ማድረግ ለድኻ አገር ከባድ ወጪ ነው። ነገር ግን አንድ መለኪያ በአንድ የሰው ሠራሽ አካል ማዕከል ቢኖር ለብዙ ሰው ሊያገለግል ይችላል። ባለሙያው አዲሱን እግር በሚያስለምድበት ቀን ሰውዬውን በጥላም በፀሐይም እያራመደ፣ ሙቀቱ በየትኛው ስፍራ እንደሚጨምርና ከስንት ጊዜ ዕረፍት በኋላ እንደሚመለስ ለማወቅ ይችላል። በዚያ መሠረት ገበሩን ይለውጣል፤ ማቀፊያውን ያስተካክላል፤ ለባለቤቱም ምን ያህል ሠርቶ ምን ያህል ማረፍ እንዳለበት ይነግረዋል። መሣሪያውም በላብና በአቧራ እንዳይበላሽ መታሸግ፣ ትክክለኛነቱም ከታወቀ ቴርሞሜትር ጋር በየጊዜው መመሳከር ይኖርበታል።

ሴንሰር ሙቀቱን ይነግራል እንጂ አያበርድም። ማብረዱ የሰው ሥራ ነው። መለኪያ በሌለበት ስፍራም ቢሆን ሊደረጉ የሚችሉ ጥንቃቄዎች አሉ። ሰው ሠራሽ እግር ያለው ሠራተኛ በቀዝቃዛው ሰዓት፣ ማለትም በማለዳና በማታ ቢሠራ ይመረጣል። በሥራው መካከል በጥላ ሥር ተቀምጦ ማቀፊያውን ማውለቅ፣ ላቡን በንጹሕ ጨርቅ ማድረቅ፣ የጥጥ ካልሲውን መለወጥ ይገባዋል። ማታ ቀሪውን እግርና ገበሩን በሳሙና አጥቦ ማድረቅ፣ በእጁም እየዳሰሰ ከሌላው ቆዳ የበለጠ የሚሞቅ ስፍራ መኖሩን መመርመር አለበት። የላላ፣ የላጠ ወይም የሞቀ ስፍራ ካገኘ ሳይውል ሳያድር ለባለሙያ ማሳየት ይኖርበታል።

አበው «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ይላሉ። በሰው ሠራሽ እግር ውስጥ ያለውን በሽታ ግን የሚደብቀው ባለቤቱ ሳይሆን ማቀፊያው ነው። የሴንሰሩ ጥቅም ይህን የተሰወረ ነገር ወደ ብርሃን ማውጣቱ ነው። አንድ ሰው ሠራሽ እግር ለባለቤቱ ጠቀመ የሚባለው በተሰጠው ቀን ባራመደው እርምጃ አይደለም፤ በአጨዳው ወቅት፣ በቀትሩ ሙቀት፣ ቆዳውን ሳያቆስል ሥራውን እንዲፈጽም ሲያስችለው ነው።

ሐ. የቃላት ፍች

ቀሪ እግር፦ እግር ከተቈረጠ በኋላ የተረፈው ክፍል
ማቀፊያ፦ ቀሪው እግር የሚገባበት የሰው ሠራሽ እግር ጠንካራ ክፍል
ገበር፦ ከውስጥ በኩል የሚደረግ ለስላሳ ሽፋን
ትነት፦ ፈሳሽ ነገር ወደ እንፋሎት መለወጡ
መረሬ፦ ሲርስ የሚያጣብቅ፣ ሲደርቅ የሚሰነጣጠቅ ጥቁር አፈር
ማመርቀዝ፦ ቁስል መግል መያዙ
ሴንሰር፦ ሙቀትን ወይም ሌላ ለውጥን ተቀብሎ የሚያስታውቅ መሣሪያ

መ. መልመጃ አንድ፦ የምንባብ ጥያቄዎች

የሚከተሉትን ጥያቄዎች በምንባቡ መሠረት በተሟላ ዐረፍተ ነገር መልሱ።

1. በገዳሪፍ አካባቢ ሰዎች እግራቸውን ከሚያጡባቸው ምክንያቶች ሦስቱን ጥቀሱ።
2. የማይሴቶማ በሽታ ወደ ሰውነት የሚገባው እንዴት ነው? ሰዎች በመጀመሪያ የሚንቁትስ ለምንድን ነው?
3. ሰው ሠራሽ እግር የሰውነትን ሁለት የማብረጃ መንገዶች የሚዘጋው እንዴት ነው?
4. በሲያትል ከተማ በተደረገው ምርመራ ሰዎቹ ከተራመዱ በኋላ የቆዳቸው ሙቀት በጠቅላላው በስንት ዲግሪ ጨመረ?
5. የስትራትክላይድ ተመራማሪዎች ሴንሰሩን ከቆዳው ላይ አንሥተው በገበሩና በማቀፊያው መካከል ያኖሩት ለምንድን ነው?
6. «የቆላው እግር በቆላ መለካት አለበት» የተባለበትን ምክንያት አብራሩ።

ሠ. መልመጃ ሁለት

የሚከተሉት ዐረፍተ ነገሮች ትክክል ከሆኑ «እውነት»፣ ትክክል ካልሆኑ «ሐሰት» በማለት ምክንያታችሁን ጻፉ።

1. ላብ ሰውነትን የሚያቀዘቅዘው ሲተን ነው።
2. አየሩ ከቆዳ የበለጠ ሲሞቅ ሙቀት ከሰውነት ወደ አየር ይወጣል።
3. ሐኪሙ ፖል ብራንድ የሥጋ ደዌ በሽተኞች እግር የሚቆስለው ሥጋው በራሱ ጊዜ ስለሚበሰብስ ነው ብሎ አስተማረ።
4. ተርሚስተር ሲሞቅ ኤሌክትሪክን የመግታት ኀይሉ ይቀንሳል።
5. ሴንሰር በማቀፊያው ውስጥ ያለውን ሙቀት ያበርዳል።

ረ. መልመጃ ሦስት፦ ሰዋስው

«ሰው ሠራሽ» የሚለው ሐረግ «ሰው» ከሚለው ስምና «ሠራ» ከሚለው ግሥ ከወጣው «ሠራሽ» የተጣመረ ነው፤ ትርጕሙም «ሰው የሠራው» ማለት ነው። ቀጥለው የተዘረዘሩት ጥምር ቃላት ከምንና ከምን እንደ ተመሠረቱ አስረድታችሁ፣ እያንዳንዳቸውን በዐረፍተ ነገር ውስጥ አግቡ።

1. ባለሙያ
2. ቤተ ሙከራ
3. ሆደ ሰፊ
4. እግረ መንገድ

ሰ. መልመጃ አራት፦ ድርሰት

ከሚከተሉት ርእሶች አንዱን መርጣችሁ ከሦስት አንቀጽ ያላነሰ ድርሰት ጻፉ።

1. አንድ ሰዓት ለማረፍ ያልፈለገው አጫጅና የደረሰበት ጉዳት
2. የውጭ አገር የፈጠራ ሥራ ለአገራችን አየርና ኑሮ እንዲስማማ ምን መደረግ አለበት?